የሸማኔው ልጅ ውል

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኑረናል። የምንጠቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትምህርትና ስለ ታሪክ ነው፤ ስለ ድኻ ጉልበት ሲጠቀስ የምንሰማው ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ለሌላ ሰው ሊሠራ በተስማማ ጊዜ የተስማማበት ነገር በቃል ብቻ ቢቀር ማን ይጐዳል? በጽሑፍስ ቢሰፍር ማን ይጠቀማል? ለዚህም ምስክር አድርገን የምናቀርበው የጋሞን ምድርና ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የሸማኔ ልጅ ነው።

አስቀድመን ከመጽሐፍ እንነሣ። ያዕቆብ ስለ ራሔል ሰባት ዓመት ሊያገለግል ከላባ ጋራ ተስማማ። ውሉ በሁለቱ መካከል በቃል የተነገረ ነበረ እንጂ ዋስም ጽሕፈትም አልነበረበትም። ሰባቱ ዓመት በተፈጸመ ጊዜ ላባ ልያን ሰጠው፤ ምክንያቱን በተጠየቀ ጊዜም የአገሩን ልማድ ጠቀሰ። ያዕቆብ ይህን ልማድ የሰማው ያን ጊዜ ነው፤ ሲዋዋል አልተነገረውም ነበርና። ኋላም ደመወዙ ዐሥር ጊዜ እንደ ተለዋወጠበት ለሚስቶቹ ነገራቸው።

መጽሐፈ ጦቢትን ብንከፍት ግን ሌላ ሥርዐት እናገኛለን። ጦቢት በሜዶን አገር በገባኤል ዘንድ 10 መክሊት ብር አስቀምጦ ነበር፤ የብሩም ጽሕፈት በእጁ ነበረ። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ልጁን ጦብያን ሊልክ በወደደ ጊዜ ያንን ጽሕፈት ሰጠው፥ ገባኤልም ያለ ክርክር ብሩን መለሰ። ለልጁ የመንገድ ጓደኛ የሚሆን ሰው በቀጠረ ጊዜም አስቀድሞ የቀኑን ምንዳ ቈረጠ፥ ስንቁን ጨመረ፥ በደኅና ቢመለሱ ከደመወዙ በላይ እንደሚሰጠው ተናገረ። የቀጠረው መልአክ መሆኑን አላወቀም ነበር፤ ዐይኖቹም አያዩም ነበር። ይሁን እንጂ ለማያውቀው እንግዳ ውሉን ግልጥ አደረገለት። ላባ የእኅቱን ልጅ ባልተብራራ ቃል አታለለ፤ ጦቢት ግን እንግዳውን በተቈረጠ ምንዳ አከበረ። እንግዲህ ዝምድና ብቻውን የውል ዋስ እንደማይሆን ከዚህ እንማራለን። ይህን ልብ ብለን እንያዝ፤ ኋላ ወደ ሸማኔው ቤት ስንደርስ ያስፈልገናልና።

በአገራችንም የውል ጽሕፈት እንግዳ ነገር አይደለም። በየአድባራቱና በየገዳማቱ የሚገኙት የወንጌል መጻሕፍት በጠርዛቸውና በባዶ ገጻቸው የጉልት ስጦታ፥ የርስትና የመሬት ሽያጭ ጽሕፈት ይዘዋል። በጐንደር ዘመን ይህ ልማድ እጅግ ሰፍቶ ነበር፤ ሻጩና ገዢው፥ ዋሱና ምስክሮቹ በየስማቸው ተቈጥረው ተጽፈዋል። ያን ቀለም የበጠበጡት፥ ያን ብርዕ የቀረጹት አባቶቻችን ናቸው። ነገር ግን በዚያ ጠርዝ ላይ የሚበዛው የመሬት ነገር ነው። ያንኑ መሬት ያረሰው፥ ዐጥሩን ያጠረው፥ ውሃ የቀዳው፥ እህል የፈጨው ሰው ስንት ቀን ሊሠራ፥ ምንስ ሊቀበል እንደ ተስማማ የሚናገር ጽሕፈት ለማግኘት የሚደክም ሰው ብዙ ይፈልጋል፥ ጥቂት ያገኛል። መሬት በወንጌል ጠርዝ ተጻፈ፤ ጉልበት ግን በአፍ ቀረ።

ይህም የሆነው ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በኢብን አል አሳል እጅ የተሰበሰበው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ነገር የሚናገሩ ናቸው። በዚያ ውስጥ ሽያጭና ብድር፥ ዋስነትና ክራይ ተደንግጓል። ስለ ባርነት በሚናገርበትም ስፍራ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ እንደ ሆነ፥ አንዱን ለሌላው ያስገዛው ጦርነት እንደ ሆነ ይገልጣል። የሙያተኛ ዋጋ ፀሓይ ሳይገባ እንዲከፈል በኦሪት ዘዳግም መታዘዙንም የማያውቅ ሊቅ አልነበረም። እንግዲህ የጐደለው ዕውቀት አይደለም፤ ድኻው ራሱ የሚይዘው፥ በተበደለ ጊዜ ገልጦ የሚያሳየው ጽሕፈት ነው።

አሁን ወደ ጋሞ እንውረድ። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ የጋሞ ተራራዎች ይነሣሉ። በደጋው ላይ ዶርዜ፥ ዶኮ፥ ቦንኬና ሌሎችም ብዙ አገሮች አሉ። እያንዳንዱ አገር ደሬ ይባላል፤ ለየራሱም ሐላቃ የሚባሉ ሹሞችና ዱቡሻ የሚባል የጉባኤ ስፍራ አለው። በዱቡሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር ይሰማሉ፥ ጠበኞችን ያስታርቃሉ። ሥርዐትን የተላለፈ ሰው ጎሜ ያገኘዋል ተብሎ ይፈራል፤ ጎሜ የሚሉት በደለኛውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና አገሩን የሚነካ መቅሠፍት ነው።

በእንደዚህ ያለ ስፍራ የተነገረ ቃል ወረቀት አያሻውም ነበር። ምክንያቱም ተዋዋዮቹ ሁለቱም በአንድ ዱቡሻ የሚቀመጡ፥ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፥ አንዱን ለቅሶ የሚያለቅሱ ሰዎች ስለ ሆኑ ነው። ቃሉን ያጠፈ ሰው በማግሥቱ የሰሙትን ሰዎች ፊት ማየት ግድ ይሆንበታል። የቃል ኀይል በአፍ ሳይሆን በሰሚው ጆሮ ነበረ ማለት ነው። ይህም ኀይል ዛሬም ፈጽሞ እንዳልጠፋ አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው ወደ ጥፋት ሊሄዱ ሲሉ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን በወረቀት የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ የሚከበር ሰው ቃልና የሚያከብረው ሰሚ ግን ነበሩ።

ነገር ግን ተዋዋዮቹ እኩል ባልሆኑ ጊዜ፥ ሰሚውም በራቀ ጊዜ፥ ቃል ምን ይሆናል? ጋሞ ይህን በመከራ አይቶታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ አገሩ በጦር ኀይል ከገባ በኋላ ገበሬው በገባርነት ለወታደሩና ለሹሙ ተመደበ። ገባሩ ያርሳል፥ ያጭዳል፥ ሸክም ይሸከማል፥ ሚስቱ ትፈጫለች። ስንት ቀን? እስከ መቼ? በምን ዋጋ? ይህን የሚወስን ውል አልነበረም፤ ወሰኑ የጌታው ፈቃድ ነበረና። ከዱቡሻ በላይ ሌላ ችሎት ተቀመጠ፤ በዚያም ችሎት የገባሩ ቃል ከጌታው ቃል ጋራ አልተመዛዘነም።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ቀስ በቀስ እየተለወጠ መጣ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዘመን ወደ ዓለም የሥራ ድርጅትም ገባች፤ የባሪያ ነጻነት ዐዋጅም በ1916 ዓ.ም. ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በዐዋጅ ፈጽሞ ተሻረ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ደግሞ ገባሩ በጉልበቱ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት አስቀርቶ ግብሩ በገንዘብ እንዲሆን አደረገ። ጉልበት ነጻ ወጣ። ነጻ የወጣ ጉልበት ግን የሚሸጠው ነገር ራሱን ብቻ ስለ ሆነ፥ በምን ዋጋና በምን ውል ይሸጥ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ተወለደ።

ሽመና ለጋሞ ሰው ከአባት የተወረሰ ሙያ ነው። ሴቶቹ ጥጡን ፈትለው ልቃቂት ያደርጋሉ፤ ወንዶቹ ድሩን ዘርግተው ማጉን ይወረውራሉ። ይልቁንም የዶርዜ ስም ከሸማ ጋራ እጅግ ስለ ተጣበቀ በአዲስ አበባ ከጋሞ ደጋ የመጣውን ሸማኔ ሁሉ ሰው ዶርዜ እያለ ይጠራዋል። ግብር በጥሬ ገንዘብ በተጠየቀ ጊዜ፥ የደጋውም መሬት ለትውልዱ በጠበበ ጊዜ፥ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ወጥተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሠፈሩ። ዛሬ በየበዓሉ የምንለብሰው ነጠላና ጥበብ ከነዚህ ሰዎች እጅ የሚወጣ ነው። ሸማኔው በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ወላጆቹን ያያል፥ ከወገኖቹ ጋራ ይበላል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመለስም። የጎረቤቱን ወይም የዘመዱን ልጅ ይዞ ይሄዳል። ለአባትየው፦ ሙያ አስተምረዋለሁ፥ አበላዋለሁ፥ አለብሰዋለሁ ይለዋል፤ አንዳንዱም፦ ትምህርት ቤት አስገባዋለሁ ብሎ ይጨምራል። ለአባት ጥቂት ገንዘብ ይሰጣል ወይም ሊሰጥ ቃል ይገባል። ይህ ነገር በመንግሥትም በረድኤት ድርጅቶችም ዘንድ የታወቀ ነው። ሁሉ ከክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ሙያ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፈው እንዲህ ነበረ፥ ልጁን የሚወስደውም ሸማኔ ብዙ ጊዜ ራሱ በልጅነቱ እንዲሁ ተወስዶ ያደገ ሰው ነው።

ዳሩ ግን ውሉን እንመርምረው። ልጁ ስንት ዓመት ይማራል? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ተማሪነቱ አብቅቶ ሠራተኛ የሚሆነው መቼ ነው? በእጁ የሠራው ነጠላ ሲሸጥ ድርሻው ምን ያህል ነው? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ከነዚህ አንዱም አልተነገረም። ልጁ በመጀመሪያ ቀሰም ያጠነጥናል፤ ጥቂት ቈይቶ በጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከመርገጫው ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም እንደ ጌታው ሙሉ ሸማ ያወጣል። ሸማው በገበያ እንደ ጌታው ሸማ ሲሸጥ እርሱ ግን ገና ተማሪ ተብሎ ይቈጠራል። ትምህርቱ የሚፈጸምበት ቀን አልተቈረጠምና። ይህ የላባ ውል አይደለምን?

የነገሩ ሥር ሁለት ነው። አንደኛ፥ የተዋዋሉት አባትና ሸማኔ ናቸው፤ ጉልበቱ የሚወጣው ልጅ ግን በውሉ ውስጥ ቃል የለውም። ሁለተኛ፥ ቃሉ የተነገረው በጋሞ ነው፥ የሚፈጸመው ወይም የሚፈርሰው ግን በአዲስ አበባ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ዱቡሻ የለም። አባት አይሰማም፥ ሽማግሌው አያይም፥ የከተማው ጎረቤትም የተባለውን አላወቀም። የቃል ውል ሰሚውን በደጋው ላይ ትቶ ወደ ከተማ ወረደ፤ ጽሑፍ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ ማለት ሰሚን ወደ ሩቅ አገር ይዞ መሄድ ነውና።

የአገሩ ሕግ ስለዚህ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ3367 አንቀጾቹ መካከል ስለ ሥራ ውል ሰፊ ክፍል አለው። ከዚያም በ1956 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 210፥ በ1968 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 64፥ በ1985 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 42፥ በ1996 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 377 ወጡ። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ቍጥር 1156 ነው።

በዚህ ዐዋጅ መሠረት የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም የተደረገ ውል ውል ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ወረቀት የለህምና መብት የለህም ሲባል ዝም ብሎ የሚሄድ ሠራተኛ ብዙ ነው። ሕጉ ግን ውሉ በጽሑፍ ባይሆን አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የአሠሪው ስምና አድራሻ፥ የሠራተኛው ስም፥ ዕድሜና አድራሻ፥ የሥራው ዓይነትና ስፍራ፥ የደመወዙ ልክና የአከፋፈሉ ጊዜ፥ ውሉም የሚቈይበት ዘመን በዚያ ሊገለጥ ይገባዋል። አሠሪው ይህን ባያደርግ ጥፋቱ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው በዚህ ምክንያት ከመብቱ አይጐድልም። የሙከራ ጊዜ ደግሞ በጽሑፍ ካልተደረገ አይቈጠርም፤ ቢጻፍም ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም። የተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ነው ለማለት ሕጉ የዘረዘራቸው ምክንያቶች ከሌሉ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ተደረገ ይገመታል። በአርባ ምንጭ ዙሪያ በጥጥና በሙዝ እርሻ ዓመት ከዓመት በቀን ሠራተኛ ስም የሚሠራ ሰው ይህን ሊያውቀው ይገባል፤ ስሙ የቀን ሠራተኛ መባሉ ብቻ ውሉን የቀን ውል አያደርገውምና።

ስለ ልጆችም ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊቀጠር አይችልም፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፥ በሌሊትም እንዲሠራ አይፈቀድም። የ1996ቱ ዐዋጅ ሙያ የሚለምድ ሰው ውል በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ደንግጎ ነበር። ከአሠሪው ቤት ስለሚኖር ሠራተኛም የፍትሐ ብሔሩ ሕግ አሠሪው ጤናውንና ጠባዩን እንዲጠብቅ ያዛል። ነገር ግን በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ ከአሠሪና ሠራተኛው ዐዋጅ ውጭ ናት፤ ጉዳይዋ በሌላ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ተትቷልና። ብዙዎቻችን በቤታችን ያለውን ሠራተኛ እዚህ ላይ እናስብ።

ሕጉ መልካም ከሆነ ጽሑፍ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ በቃል የተደረገውም ይጸናል ብለናልና። መልሱ ይህ ነው፤ መጽናት ሌላ፥ ማስረዳት ሌላ ነው። በዳኛ ፊት የቆመ ሠራተኛ ይህን ያህል ሊከፍለኝ ተስማምቶ ነበር ቢል፥ አሠሪው ደግሞ አላልሁም ቢል፥ ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክሩም ብዙ ጊዜ ከዚያው አሠሪ እንጀራ የሚበላ ጓደኛው ነው። ዘመኑም አይቆምም፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር፥ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በ3 ወር ይታገዳል። ድኻው ምስክር ሲፈልግ ጊዜው ያልፍበታል። ወረቀት የያዘ ሰው ግን ምስክሩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል።

ሌላው ደግሞ፦ ወረቀትም ያታልላል፤ የማያነብ ሰው የማያውቀውን ይፈርማል ይላል። ይህ እውነት ነው፥ ሕጉም አስቦበታል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ወይም ዐይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ስለዚህ የምንፈልገው ቃልን ጥሎ ወረቀትን ማንሣት አይደለም። ሸማ በድር ብቻ አይሠራም፥ በማግ ብቻም አይሠራም። ውል በሰሚ ፊት ጮኾ ይነበብ፥ ከዚያም ይጻፍ፤ ያን ጊዜ ቃሉ ወረቀቱን ይጠብቃል፥ ወረቀቱም ቃሉን።

ይህ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም። በመስቀል ሰሞን ሸማኔው ወደ ደጋው በተመለሰ ጊዜ ሽማግሌዎቹ በዱቡሻ አሉ፤ በየደብሩም ብርዕ የሚይዝ ካህን፥ በየቀበሌውም ፊደል የቈጠረ ወጣት አለ። ልጁ 15 ዓመት ካልሞላው ለሥራ አይሰጥ፤ ይህን የሚሽር ውል የለም፥ ቢጻፍም አይጸናም። ዕድሜው ከደረሰ ግን ልጁ ራሱ ቆሞ እየሰማ ውሉ በአማርኛም በጋሞም ቋንቋ ይነበብ፤ የመማሪያው ዘመን፥ የሥራው ሰዓት፥ የትምህርቱ ነገር፥ የደመወዙ ልክ፥ የሚመለስበትም ጊዜ ይጻፍ። አንዱ ቅጂ ለሸማኔው፥ አንዱ ለአባት፥ አንዱ ለልጁ ይሰጥ። ለልጁ የሚሰጠው አይረሳ።

ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ እኛ የሰውን ኑዛዜ ስንጽፍ፥ የጋብቻን ውል ስንዋዋል፥ የመሬትን ስጦታ በወንጌል ጠርዝ ስናሰፍር የኖርን ወገኖች ነን። በየደብራችን ያለው ዘበኛና ግንበኛ በምን ውል እንደ ተቀጠረ ብንጠየቅ ወረቀቱን ማሳየት እንችላለን? ለመሬት የበጠበጥነውን ቀለም ለጉልበትም ልንበጠብጥ ይገባናል። በመጪው መስቀል ከጋሞ ደጋ የሚወርደው ልጅ በጥንግ ድርብ ፈንታ አሮጌ ጋቢ ለብሶ ሊሄድ ይችላል፤ በጋቢው ጫፍ ግን ስሙ፥ ደመወዙና የሚመለስበት ቀን የተጻፈበት አንድ ወረቀት ይቋጠርለት።